የወይዘሮ እልፍነሽ ሰባተኛዋ ሙዳይ

ወይዘሮ እልፍነሽ ቀኑ ሳይደርስ እጃቸውን ወደ ገንዘብ የማይዘረጉ፣ ቀኑ ሲደርስም ከተወሰነው በላይ አንዲት ሳንቲም የማያወጡ፣ በነገራቸው ሁሉ የጸኑ ሴት ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ወሩ ሃያ አምስት ሲሞላ የሌላው ሰው ማሰሮ በጭልፋ ሲነካ ባዶውን ይጮኻል፤ ከዚያ ሰው ቤት ግን የሚነጠር ቅቤ ሽታ ይመጣል። ደመወዙ ከሌላው እኩል ነው፤ ልጆቹ ከሌላው ይበዛሉ፤ ውርስ አላገኘም፤ ንግድም የለውም። ፈጣሪ ይህን ዓይነቱን ሰው በመካከላችን ያስቀመጠው አይተን እንድንማር መሆኑ ይታመናል። ሆኖም ከትምህርቱ አስቀድሞ ቅናቱ ስለሚደርስ፣ በወጉ የተማረ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

የጎረቤታቸው የአቶ አባይነህ ሚስት ገላነሽም ከዚህ ፈተና አላመለጠችም።

ሁለቱ ቤቶች ከጀጎል ቅጥር ውጭ፣ ወደ ሐኪም ጋራ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ በአንድ ግቢ ውስጥ አንድ ግድግዳ ተጋርተው የቆሙ ነበሩ። አቶ አባይነህና የወይዘሮ እልፍነሽ ባል አቶ እንደሻው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ፣ ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት ጠረጴዛዎች ላይ ይሠሩ ነበር። በየወሩ በሠላሳኛው ቀን ከአንድ መስኮት እኩል ዘጠና ዘጠና ብር ይቀበላሉ፤ በአንድ መንገድ ወደ አንድ ግቢ ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ ግን የሁለቱ ብር ዕጣ ይለያያል። የአቶ አባይነህ ብር ከኪስ ወደ መሶብ ሥር፣ ከመሶብ ሥር ወደ ነጠላ ጫፍ ሲዘዋወር ይሰነብትና ወዴት እንደ ሄደ ሳይታወቅ ያልፋል። የአቶ እንደሻው ብር ወደ ሙዳይ ይገባል።

ሙዳዮቹ ስድስት ነበሩ። የጀጎል ሴቶች የሰፏቸው፣ ክዳን ያላቸው፣ ቀይና አረንጓዴ ጌጥ የዞረባቸው ትንንሽ ሙዳዮች ናቸው፤ በግድግዳው ላይ በተርታ ተሰቅለዋል። ለእያንዳንዳቸው የወሩ በዓል ስም ተሰጥቷቸዋል፤ ልደታ፣ አቦ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ማርያም፣ መድኃኔ ዓለም። ወይዘሮ እልፍነሽ ደመወዙን በስድስት ከፍለው ይጨምሩና ክዳኑን ይገጥማሉ። ወሩ በባተ በአንደኛው ቀን የልደታው ይከፈታል፤ እስከ አምስት፣ እስከ አቦ ድረስ ቤተሰቡ የሚኖረው በዚያ ነው። የአቦው ደግሞ እስከ አሥራ ሁለት፣ እስከ ሚካኤል ያደርሳል። እንዲህ እየተባለ ወሩ ያልቃል። ቁልፍ የላቸውም፤ ማኅተም የላቸውም። ጠባቂያቸው ስማቸው ብቻ ነው። ከመልአኩ ላይ በዓሉ ሳይደርስ ስሙኒ የሚበደር ደፋር በዚያ ቤት አልተወለደም።

«የሚካኤልን በሚካኤል!» ይሉ ነበር ወይዘሮ እልፍነሽ፣ ጣታቸውን ወደ ግድግዳው ቀስረው። የልጃቸው ጫማ በወሩ ስምንተኛ ቀን አፉን ቢከፍት እስከ አሥራ ሁለት በገመድ ታስሮ ይሄዳል።

አንድ ጊዜ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አንድ፣ አንዲት ሴት ከሶፊ መንደር እንጨት በአህያ ጭና በግቢው በር ቆመች። ዋጋዋ ከወትሮው በስሙኒ ያነሰ ነበር። ወይዘሮ እልፍነሽ እንጨቱን አገላብጠው አዩ፤ ደረቅ ነው። አህያዋን ሳይቀር አመሰገኑ። በመጨረሻም፣ «ነገ ሚካኤል ነው፤ ነገ ነይ» አሏት። ገላነሽ ይህን ስትሰማ ልቧ በደስታ ዘለለ፤ ሮጣ ገዛች። በማግሥቱ ያችው ሴት ሁለት አህያ ጭና መጣች፤ ገበያው በእንጨት ሞልቶ ስለ ነበር ለወይዘሮ እልፍነሽ ከወትሮው ዋጋ ሽልንግ ቀንሳ ሰጠቻቸው። በዚያ ሳምንት ገላነሽን ከምድጃው አጠገብ ያስለቀሳት የእንጨቱ ጭስ ብቻ አልነበረም።

ሕመሙን የሚያባብሰው ደግሞ አቶ አባይነህ ናቸው።

«እንደሻው ዛሬም ምሳ ይዞ መጣ» ይላሉ ማታ ካፖርታቸውን እያወለቁ። «በሃያ ስምንተኛው ቀን! ዶሮ ወጥ! እልፍነሽ መቼም…»

«መቼም ምን? ጨርሰው እንጂ።»

«ምንም። መቼም አልኩ።»

«እልፍነሽን አግብተህ ቢሆን በሃያ ስምንት ዶሮ ትበላ ነበር፤ በስምንት ደግሞ በገመድ የታሰረ ጫማ ተጫምተህ ቢሮ ትገባ ነበር!»

እውነቱን ለመናገር፣ በገላነሽ ቤት ባለ ጊዜ ሁሉም ይበላል። የወይዘሮ እልፍነሽ አራቱ ልጆች፣ ይልቁንም ታናሺቱ ትዕግሥት፣ ከዚያ ገበታ አይጠፉም ነበር። ትዕግሥት በራት ሰዓት ከደጃፉ ቆማ፣ በታላቅ ትሕትና፣ «እማማ ገላነሽ፣ ድመታችንን አዩዋት?» ብላ ትጠይቃለች። በዚያ ግቢ ድመት ኖራ አታውቅም።

«ነይ ግቢ፣ የኔ ልጅ። ወጡ ውስጥ ሳትሆን አትቀርም፤ ፈልጊያት» ትላታለች ገላነሽ። ልጅቱም እጇን ታጥባ በትጋት ትፈልጋለች።

ነገሩ የጠነከረው በ፲፱፻፶፱ ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። የማርያም ማኅበርተኞች የሚቀጥለውን ዓመት ተራ ሲደለድሉ የመስከረም ሃያ አንድ ጽዋ ለገላነሽ ደረሳት። ባለፈው ተራዋ ገንዘብ አጥሯት፣ በበዓሉ ዕለት ማለዳ ከወይዘሮ እልፍነሽ የማርያም ሙዳይ አሥር ብር ተበድራ ነበር። ወይዘሮ እልፍነሽም በአሥራ ሁለት ሴቶች ፊት ዳቦውን ቀምሰው፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ «ጥሩ ነው፤ ከኔ ማርያም የወጣ ነዋ!» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። ገላነሽ ያን ሳቅ ዓመት ሙሉ በሆዷ ይዛው ኖረች። አሁን ተራው ሲመለስ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆማ ለመነች። «እመቤቴ፣ ጽዋሽን ከእልፍነሽ አንዲት ሳንቲም ሳልበደር ላውጣ። ይህን ብቻ ስጪኝ።»

መሣሪያ ግን ያስፈልጋል። አቶ አባይነህ የመዝገብ ሰው ናቸውና በየካቲት ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር አመጡ። በቀይ ቀለም አሰመሩ፤ በግራ «ገቢ»፣ በቀኝ «ወጪ» ብለው በሚያምር እጅ ጻፉ። ወሩ ሲያልቅ ሒሳቡ አንድም ስሕተት አልተገኘበትም፤ ገንዘቡም አልተገኘም። ገላነሽ ማንበብ በሰንበት ትምህርት ቤት ተምራ ነበርና ጣቷን በአንዱ መስመር ላይ አሳረፈች።

«ይህ ሠላሳ አንድ ብር የወሰደው ‹ልዩ ልዩ› የሚባለው ማነው?»

«የሒሳብ ደንብ ነው» አሉ አቶ አባይነህ። «ስም የሌለው ወጪ ሁሉ በዚያ ይገባል።»

«በዚህ ቤት ከሁላችንም የበለጠ የበላው እሱ ነው። ከጠጅ ቤት ሲወጣ አይተኸው ታውቃለህ?»

ደብተሩ ወደ ሣጥን ታች ወረደ። በመጋቢት ቁልፍ ያለው ቆርቆሮ ሣጥን ተገዛ፤ ቁልፉንም ገላነሽ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችው። ሣጥኑ የተቻለውን አደረገ። ነገር ግን ቁልፉና ፍላጎቱ ያሉት በአንድ ሰው ዘንድ ነበርና በሃያ ሁለተኛው ቀን ባዶውን ተቆልፎ ተገኘ።

በመጨረሻ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ፣ በጀጎል ሰንጋ በር ገብታ፣ ጠባቡን መንገድ ይዛ ወደ አው መሐመድ ሱቅ ወረደች። አው መሐመድ የቤታቸው ሴቶች የሰፉትን ሙዳይ የሚሸጡ፣ ጢማቸውን በሒና የቀቡ ሽማግሌ ነበሩ።

«ስድስት ይስጡኝ» አለች።

«ማሻአላህ! ጎረቤትሽም መጀመሪያ የወሰደችው ስድስት ነበር። ኋላ ተመልሳ ሰባተኛ ወሰደች። ሰባተኛዋን አብሬ ልጠቅልልሽ?»

ገላነሽ ሰባተኛዋን አውቃታለች። ከስድስቱ ተለይታ በማዕዘኑ የተሰቀለች፣ ከሁሉ የምታንስ ሙዳይ ናት። አንድ ቀን፣ «ይህችስ የማን ናት?» ብላ ብትጠይቅ ወይዘሮ እልፍነሽ ፊታቸው ቀላ፤ «የሷ ቀን ሩቅ ነው» ብለው ወሬ ለወጡ። ከዚያ ወዲህ ገላነሽ በዚያች ሙዳይ ውስጥ የወርቅ ጉትቻ እንዳለ በልቧ ወስናለች። አሁን ደግሞ ነጋዴው ሊያሸክማት የፈለገ መሰላት።

«ወርቅ የለኝም፤ ስድስቱ ይበቁኛል።»

«ኸይር፣ ይሁን» አሉ አው መሐመድ ስድስቱን በገመድ እያሰሩ። «ኢንሻአላህ ትመለሻለሽ። ሁሉም ይመለሳል።»

ከሚያዝያ ጀምሮ የገላነሽ ግድግዳ የጎረቤቷን ግድግዳ መሰለ። ቀናተኛ ሰው ሲኮርጅ ከባለቤቱ ይበረታል፤ ገላነሽም እንዲሁ ሆነች። እንጀራው በቁጥር፣ ዘይቱ በማንኪያ ሆነ። በየወሩ ከማርያም ሙዳይ ሁለት ሁለት ብር እየቀነሰች ለጽዋው በጨርቅ ቋጠረች። አቶ አባይነህ ከሠርክ በኋላ ሽልንግ ቢጠይቁ፣ «የአቦው ሲከፈት» ትላቸዋለች። ትዕግሥትም እንደ ልማዷ ከደጃፉ ቆማ ስለ ድመቷ ብትጠይቅ፣ «ዛሬ አልመጣችም፤ በሚካኤል ትመጣለች» የሚል መልስ ይጠብቃታል። ልጅቱ እስከ ሚካኤል የቀረውን ቀን በጣቷ እየቆጠረች ትመለሳለች። ገላነሽ ከኋላዋ እያየቻት ትቆማለች፤ ግን በጀት በጀት ነው።

አንድ አስገራሚ ነገርም ይታይ ጀመር። ከግንቦት ወዲህ ከወይዘሮ እልፍነሽ ቤት የቅቤው ሽታ ቀነሰ። በሰኔ ሃያ ስድስት ወይዘሮ እልፍነሽ፣ ራሳቸው ወይዘሮ እልፍነሽ፣ ከማዕዘኑ ሱቅ ስኳር በዱቤ ሲጠይቁ ታዩ! ገላነሽ ወሬውን ስትሰማ ደስታ እንደ ጠላ ወደ ራሷ ወጣ። ኃጢአት መሆኑን ታውቃለች፤ ለንስሐ አባቷም ልትናገር አስባ ነበር፤ ብቻ ጥቂት ቀን ልታጣጥመው ፈለገች።

በነሐሴ ሠላሳ ደመወዙ መጣ። ገላነሽ ዘጠናውን ብር በስድስት ከፍላ ጨመረች። በጨርቅ የተቋጠረው አሥር ብር ደርሷል፤ የመስከረሙ ማርያም ሲጨመርበት ጽዋው ሙሉ ነው። በፍጹም ሰላም ተኛች።

በማግሥቱ ተነሥታ እጇን ወደ ልደታ ሙዳይ ዘረጋች። እጇ አየር ላይ ቀረ።

ዕለቱ ጳጉሜን አንድ ነበር።

ለጳጉሜን ደመወዝ የለም። ለጳጉሜን ሙዳይም የለም። ልደታ ማለት መስከረም አንድ ነው። ዘመኑ ደግሞ ዘመነ ሉቃስ ስለ ሆነ ጳጉሜን አምስት መሆኗ ቀርቶ ስድስት ነበረች። በሌላው ዓመት ገንዘቡ እንደ ተገኘ ስለሚበላ ገላነሽ ይህችን ወር በሆዷ አታውቃትም ነበር። ከልደታ ብታነሣ አቦ ይጎድላል፤ አቦ ሲጎድል ሚካኤል፤ ጉድለቱ እየተንከባለለ ከማርያም፣ ከጽዋው ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ ከማን ትበደራለች? ከአንዲት ሴት በቀር የሚያበድር የለም።

«ቁርስ የለም?» አሉ አቶ አባይነህ።

«የጳጉሜን ጾም ነው።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ይህ ቤት ጳጉሜንን የሚጾመው?»

«ከዛሬ ጠዋት ወዲህ። ክርስቲያን አይደለህም?»

አቶ አባይነህ ግድግዳውን አዩ፤ ሚስታቸውን አዩ፤ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። ሁለቱ ልጆች ግን እንዲህ በቀላሉ አልተመለሱም። በሁለተኛው ቀን የተረፈ ቆሎ በልተው፣ ከአጥሩ የቁልቋል ፍሬ ለቅመው፣ እሾሁን ከጣታቸው እየነቀሉ መጡ።

«እማዬ፣ ገንዘቡ እኮ ግድግዳው ላይ አለ።»

«እሱ የልደታ ነው። የልደታን በልደታ!»

ገላነሽ ከአፏ የወጣውን ቃል ሰማችና ደነገጠች። ድምፁ የሷ አልነበረም፤ የወይዘሮ እልፍነሽ ነበር። ጆሮዋን ከጋራው ግድግዳ አስጠጋች። እዚያ ወርቁ ተሸጦ ድግስ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን የምጣድ ድምፅ የለም፤ የሙቀጫ ድምፅ የለም። አንድ ልጅ ሲነጫነጭ ብቻ ተሰማት።

ሦስተኛው ቀን ዓርብ፣ የቅዱስ ሩፋኤል በዓል ነበር። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ወረደ። የግቢው ልጆች ሁሉ እንደ ወጉ በሩፋኤል ጠበል ሊጠመቁ ወደ ደጅ ሮጡ። ወይዘሮ እልፍነሽም በዝናቡ መካከል አልፈው ከገላነሽ በር ቆሙ፤ ከነጠላቸው ሥር አንድ ነገር ታቅፈዋል።

«ግቢ በይኝ እንጂ፣ ገላነሽ።»

«ይግቡ፣ እትዬ እልፍነሽ። ጾም ላይ ስለ ሆንን የማቀርበው የለኝም።»

«እኛም ጾም ላይ ነን» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ።

ሁለቱ ተያዩ። ወይዘሮ እልፍነሽ ሰባተኛዋን ሙዳይ አውጥተው ከጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ ክዳኗንም አነሡ። ጉትቻ አልነበረም። እስከ አፏ ድረስ የመዳብ አሥር ሳንቲም ሞልቶባታል።

«እንኪ። የራስሽ ነው።»

«የኔ? የምን?»

«የድመቷ» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ፣ መሬት መሬት እያዩ። «ልጆቼ ከቤትሽ በልተው በመጡ ቁጥር አንድ አሥር ሳንቲም እጥል ነበር። ትዕግሥት ስትጠግብ ትዘፍናለች፤ በዚያ አውቃለሁ። ካለፈው ሩፋኤል ወዲህ አሥራ ሁለት ብር ከሠላሳ ሳንቲም ነው። ቁጠሪው።»

ገላነሽ አልቆጠረችም።

«ያለፉትን ዓመታት ግን ይቅር በይኝ» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ። «በየዓመቱ በሩፋኤል ላምጣልሽ እያልኩ እከፍታታለሁ። ጳጉሜን ደግሞ ደመወዝ የለም። ከዚችው እየቆነጠርን እንበላለን፤ ቀኑ ሲያልፍ ባዶዋን ይዤ ምን ብዬ ልምጣ? ዘንድሮ ግን ልጆችሽ ቁልቋል ሲለቅሙ አየሁ። እጄ አልታዘዝ አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፤ አንቺ ሙዳይ ከሰቀልሽ ወዲህ የኔ ሙዳይ አንድም ወር ሞልቶልኝ አያውቅም።»

ገላነሽ ቁጭ አለች። ይህን ያህል ዓመት የቀናችበት ቅቤ፣ የሃያ ስምንተኛው ቀን ዶሮ፣ ያ ሁሉ ሥርዓት፣ አንዱ እግሩ የቆመው በሷው ማሰሮ ላይ ነበር። የተናደደች መስሏት ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ወይዘሮ እልፍነሽ በመጀመሪያ ተቀየሙ፤ ቀጥለው እሳቸውም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

«ይመልሱት፣ እትዬ» አለች ገላነሽ ዕንባዋን እየጠረገች። «ልጅ አብልቼ ዋጋ ልቀበል? እመቤቴ ትየኝ!»

«ለሩፋኤል ብዬ ያወጣሁትን ወደ ግድግዳዬ አልመልስም።»

«እኔም አልነካውም!»

«እኔስ እነካዋለሁ?»

ክርክሩ ዝናቡ እስኪያባራ ቆየ። ሙዳይዋ በሁለቱ መካከል ከጠረጴዛው ዳር እስከ ዳር ስትገፋ፣ ትዕግሥት ከጠጉሯ ውኃ እየተንጠባጠበ ከደጃፉ ቆመች። እናቷን ስታይ ጥቂት አመነታች፤ ረኃቡ ግን በለጠባት።

«እማማ ገላነሽ… ድመታችንን አዩዋት?»

ገላነሽ ወይዘሮ እልፍነሽን አየቻቸው።

«መጥታለች፣ የኔ ልጅ» አለች። «ወንድሞችሽንም ጥሪያቸው። እትዬ እልፍነሽ፣ እርስዎ ምስርና ሽሮ ያስመጡ፤ እኔ እሳት ላንድድ።»

እንዲህ ሆኖ የቀሩት የጳጉሜን ቀናት ሁለቱ ቤቶች በአንድ ማሰሮ አለፉ። ሳንቲሙን ወይዘሮ እልፍነሽ ቆጠሩ፤ ጭልፋውን ገላነሽ ያዘች። አቶ አባይነህና አቶ እንደሻው በአንድ ገበታ ተቀምጠው፣ ምክንያቱን ለመጠየቅ ሳይደፍሩ፣ በልተው አመሰገኑ። ልደታ በመስከረም አንድ በጊዜዋ ተከፈተች።

በመስከረም ሃያ አንድም ጽዋው ከማንም ሳይበደር ወጣ። አሥራ ሁለቱ ሴቶች ተቀመጡ። ወይዘሮ እልፍነሽ ዳቦውን አንሥተው ቀመሱ።

«ጥሩ ነው» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ። ቆም ብለው ደግሞ፣ «ቁራሹ ግን ወፍራም ነው፤ በዚህ አቆራረጥ ጥቅምት አትደርሺም» አሉ።

ገላነሽ በዚያው ሳምንት ወደ አው መሐመድ ሱቅ ተመለሰች፤ ሽማግሌውም ገና ሳትጠይቃቸው ሰባተኛዋን ሙዳይ አቀረቡላት። ሩፋኤል ተባለች፤ ሁለቱም ቤቶች በየወሩ ብር ብር ይጥሉባታል። የምትሰቀለው በማን ግድግዳ ነው በሚለው ስላልተስማሙ አንድ ዓመት እዚህ፣ አንድ ዓመት እዚያ ትውላለች።

ቅናቱ ጠፋ ብሎ መናገር ግን ሐሰት ይሆናል። ከዓመት በኋላ አቶ አባይነህ ማታ ካፖርታቸውን እያወለቁ፣ በላይኛው መንገድ የገባችው የአዲሱ ጸሐፊ ሚስት ቤት አያያዝ ከእልፍነሽም እንደሚበልጥ ሰማሁ ብለው አወሩ። ገላነሽ ጭልፋዋን ጣል አድርጋ ተነሣች።

«ከኛ ከእልፍነሽ? ማን ናትና እሷ! በስምንተኛው ቀን የልጇን ጫማ በገመድ አስራ ታውቃለች?»

እግዚአብሔር የወይዘሮ እልፍነሽን ቤት ይጠብቅ። ሙዳያቸው አይጉደል፤ ገበታቸው አይጥበብ፤ የድመቷም ድርሻ ከጎረቤታቸው ማሰሮ አይታጣ። አሜን።